በእኔ ቦታ የተቀመጠችው

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ መሐል ሜዳ ከተማ ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር ቤት ተከራይተን እንማር ነበር። አንድ ቀን በስልኬ ልብ ወለድ ላከችልኝ። ገደል ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ከሰው ዓይን ስለተሸሸጉ ውቦች ያወራል። ንግሥታቸው አንዲት ልጃገረድ ትሰርቅና ከራሷ ወገን አንዷን የተሰረቀችውን መልክ አልብሳ ወደ እናትየው ቤት ትልካለች። መልኳም ድምፅዋም ያው ነው፤ እናትየው ግን ልቧ አላምን ይላትና፣ "ልጄ፣ አንቺ ነሽ?" ብላ ትጠይቃለች። "እኔ ነኝ እማዬ" ትላታለች ያቺ ጉድ። እዚያ ላይ ስደርስ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ወደድኩት በቃ፣ ምን ልበል!

ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ ዘመሮ ከተማ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። ጉሙ ውጭ አላስቀምጥ ስላለኝ ጓዳ ገብቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ ያለ ድምፅ ማንበብ አይሆንልኝም፤ ንግሥቲቱን እንደ ንግሥት እየተጀነንኩ፣ ልጅቷን እያለቀስኩ ነው የማነብበው። እናቴ ለካ የምትፈትለውን የበግ ጠጉር ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከሰማች አይቀር የሰማችው ደግሞ፣ "ልጅሽን ወስጃታለሁ፤ ይቺ የምታያት የእኔ ናት" የሚለውን ነው።

ልብ ወለድ ነው ብዬ ስልኩን አሳየኋት። ፊደል አልቆጠረች፣ ምኑን ታየዋለች? አባቴም ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያውቀው ዳዊት ብቻ ነው። መንፈስ አድሮባታል ተብሎ የንስሐ አባታችን ተጠሩ። ደግ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡኝም፤ ጠበል ትወሰድ አሉ እንጂ።

ማትሪክ ደርሷል። እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው፤ ነርስ እሆናለሁ ብዬ ስንት ዓመት በብርድ የተመላለስኩበት! ጠበሉ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። አጠገቤ ያሉት ይጮሃሉ፣ ይለፈልፋሉ፣ ያደረባቸው መንፈስ "ለቀቅሁ" ብሎ ይምላል፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔ ዝም። ዝም ባልኩ ቁጥር ክፉ ነው፣ ተደብቋል እየተባለ ቀን ይጨመርልኛል። ፈተናው ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እንግዲያው ይኸው አልኩ በሆዴ። ንግሥቲቱን አመጣኋት።

አጥማቂው አባት መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ልጅቷን የት እንደያዝኳት ጠየቁ። እናቴ ፊት ለፊቴ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ጓዳ ብል በገዛ ቤቷ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ምንጭ ብል ውሃ መቅዳት ትፈራለች። አሳዘነችኝ፣ ራቅ ያለ ቦታ ፈለግሁላት።

"መሐል ሜዳ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ" አልኩ በንግሥቲቱ ድምፅ። "ለቅቄያታለሁ፣ አልመለስባትም።"

ቦታው በእልልታ ተናጋ። እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። የእኔ የደስታ ነው፤ በማግሥቱ መኪና ተሳፍሬ ለፈተናው ስደርስ ይታየኛል። አጥማቂው አባት ወደ አባቴ ዞር አሉና፣ "የተያዘችበትን ቦታ ዳግመኛ እንዳትረግጥ" አሉ።

እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ ማርያምን ውሸቴን ነው እያልኩ ለመንኩ። በለመንኩ ቁጥር ተመልሳባታለች እያሉ ይተያያሉ፤ ተውኩት። ማትሪኩ አለፈ። ያቺ የክፍሌ ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እኔ ገብስ አርማለሁ፣ የበጎቹን በረት እጠርጋለሁ። ስልኩን አባቴ ሸጠው። ልቤ ተቃጥሎ ቀረ፣ ሌላ ምን ይባላል?

እናቴ ክፉ አይደለችም፤ ምግብ ሲቀርብ የእንጀራውን ለስላሳ በኩል ወደ እኔ ትገፋለች። ግን ሥራዬን እየሠራሁ ቀና ስል ዓይኗን ተክላብኝ አገኛታለሁ። ትናንት እሳት ስንሞቅ ቀስ ብላ፣ "ልጄ፣ አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ እማዬ" አልኳት። ሌላ የምለው የለኝም፤ ያቺም ጉድ እናትየውን ያለቻት ይህንኑ ነው።