ላጲስ የሌለበት ክፍል

ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጄ ቤቲ የሥዕል የቤት ሥራዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በላጲስ ስትፈትግ፣ ሽታው እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። የሞቀ ጎማ ሽታ ነው፤ ከተፋቀ ወረቀት ጋር የተቀላቀለ። ሳላስበው ተነሥቼ ላጲሱን ከእጇ ነጠቅኳት።

«አታጥፊው! የሳትሽው እዚያው ይታይ!»

«አባዬ ደግሞ! ቲቸራችን እኮ ንጹሕ አድርጋችሁ አምጡ ነው ያለን» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

የጮህኩባት በራሴ ድምፅ አልነበረም። በመምህር አሰግድ ድምፅ ነበር።

መምህር አሰግድ እዚሁ ጉለሌ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል ያስተምሩን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ሁልጊዜ ቀለም እንዳጠቆረው ነው፤ ቡናማ ኮታቸው ክረምት ከበጋ የቀለም ማቅጠኛ፣ አኳራጅ አኳራጅ ይሸታል። ወንበርም ይሁን ዛፍ፣ የሰው ልጅም ቢሆን፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እርሳስ ዘርግተው ስለሚለኩ «ሜትር» የሚል ስም አውጥተንላቸው ነበር። ክፍለ ጊዜያቸው ሲደርስ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው በር ላይ ይቆሙና ላጲሳችንን ይሰበስባሉ። ደብቆ የተያዘ፣ ላጲሱን በጥርሱ ነክሶ ደወል እስኪደወል ፊት ለፊት ይቆማል። እኔም አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ። ጣዕሙ እስካሁን አለቀቀኝም።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ፍርድ ነበር። የአንዱ ሥዕል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ይቆማል፣ የቀረነው በየተራ ስሕተቱን እንናገራለን። ያልተናገረ ነጥብ ይቀነስበታል። ስለዚህ ሁላችንም እንናገራለን። ጓደኛን አስለቅሶ ማርክ ማግኘት እንደሚቻል የተማርኩት እዚያ ነው፤ ጎበዝም ነበርኩበት። ልጆቼ ይህን ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙት።

አንድ ሳምንት «እናታችሁን ሥራ ላይ እያለች ሣሉ» ተባልን። እናቴ ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ እያወረደች፣ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። እንደማያት ሣልኳት፤ ጎብጣ፣ ገመዱ ደረቷን ሰንጎ ይዞ፣ ሸክሙ ከቁመቷ በልጦ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ። ዓርብ ተራዬ ሲደርስ ልጆቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ መምህር አሰግድ ቀደሙ።

«ይሄ ውሸት ነው። ሸክሙ ከሴትዮዋ ይበልጣል። ይሄንን አህያም አይችለው።»

«ቲቸር፣ አህያዋን መሣል ረስቶ ነው!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«አልዋሸሁም። እንደዚህ ነው የምትሸከመው» አልኩ።

ለመምህር አሰግድ መልስ የሚሰጥ ተማሪ አልነበረም። እርሳሳቸውን ኪሳቸው ከተቱና «የሚመጣው ዓርብ በእኔ ክፍለ ጊዜ ወላጅህን ይዘህ ና» አሉኝ።

እናቴ የመጣችው ከእንጦጦ ስትወርድ፣ ከነሸክሟ ነው። ዘበኛው በር ላይ አውርጂ ቢላት እምቢ አለች። አንዴ ካወረደችው የሚያሸክማት ሰው ካላገኘች መልሳ አትሸከመውም፤ የደን ጠባቂ ካየው ደግሞ ይወስድባታል። እናም በክፍሉ በር በጎኗ ገባች፤ ቅርንጫፉ የበሩን ጠርዝ እየፋቀ፣ ቅጠሉ ወለሉ ላይ እየረገፈ።

«ጌታዬ፣ ልጄ ምን አጠፋ?» አለች። ቀና ማለት ስለማትችል የጠየቀችው ጫማቸውን እያየች ነው።

መምህር አሰግድ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እርሳሱን ዘረጉ፤ እሷን ለኩ፤ ሸክሙን ለኩ። እንደገና ለኩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጁ ልክ ነው። ሸክሙ ይበልጣል።»

ደስ አለኝ። እናቴ እዚያ ጎብጣ ቆማ እኔ ደስ አለኝ።

«እንግዲያ ልሂድ፣ ጌታዬ?»

«የለም፣ እናት፤ እንዳሉ ይቁሙ። እንዳያወርዱት። እናንተ ወረቀት አውጡ! እንዲህ ያለ ሞዴል ሁለተኛ አታገኙም።»

አርባ ደቂቃ ቆመች። የሚሰማው የእርሳስ ድምፅ ብቻ ነበር። ላቧ ከአፍንጫዋ ጫፍ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ይላል። አልማዝ የምትባል፣ ከማንም ጋር ብዙ የማታወራ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ደከማቸው እኮ» ብትል «ዝም ብለሽ ሣዪ!» ተባለች።

እኔ ግን እጄን አላወጣሁም። ከሁሉም ይልቅ አጎንብሼ ሣልኩ። ልክ ነህ መባሌን በማርክ ማጽናት ፈልጌ ነበር። ከዴስኬ እስከ እናቴ አራት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ተነሥቼ ገመዱን ልፈታላት እችል ነበር። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ግራ ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ያሰብኩት «ይሄ እንዴት ነው የሚሣለው?» ብዬ ነው። ላጲስ የለም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር አጠገብ ሌላ መስመር ደረብኩ፣ ከእሱም አጠገብ ሌላ። ጉልበቷ ወረቀቱ ላይም ተንቀጠቀጠ።

ደወል ሲደወል እስከ ግቢው በር ሸኘኋት።

«ሥዕሉ አማረልህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ተመስገን» አለችና ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ምን አጥፍቼ እንደተጠራች ያን ቀንም ከዚያ በኋላም አልጠየቀችኝም።

እኔ ከአሥረኛ ክፍል አላለፍኩም። የቀረውን ዊንጌት አካባቢ የሱቅና የምግብ ቤት ማስታወቂያ እየጻፍኩ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ እያነበብኩ ለብቻዬ ተማርኩት። እኩዮቼ ጨካኝ መምህሮቻቸውን «ሰው ያደረጉን እነሱ ናቸው» እያሉ ሲያመሰግኑ እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ አልልም። ሴትን ከነሸክሟ አርባ ደቂቃ ማቆም ግፍ ነው፤ ከጀርባው ትምህርት ቢኖርም ግፍ ነው። ማየት ያስተማሩኝ እሳቸው መሆናቸውም እውነት ነው። አንድ ዓይኔን ሳልጨፍን ዛሬም ፊደል አልጽፍም። እሳቸውን መውቀስ አይከብደኝም። ግን እሷ የእሳቸው እናት አልነበረችም።

ላጲሱን ለቤቲ መለስኩላት። ይቅርታ ማለት አልለመደብኝም፤ ያን ዕለት አልኩ። ከዚያ አልጋ ሥር ካለው ሣጥን እናቴን ክፍል ውስጥ ቆማ የሣልኩበትን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። እናቴ ካረፈች ቆይቷል፤ ለእሷ አሳይቻት አላውቅም። ማን እንደሆነችና እንዴት እንደቆመች ለልጄ ነገርኳት።

ቤቲ ብዙ አየችው። ጣቷን ግራ ጉልበቱ ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ የተደራረበበት ቦታ፣ አሳረፈች።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ተሳስተህ ነው?»

ከሥሩ ያለውን የመምህር አሰግድን ቀይ ጽሑፍ አሳየኋት። «ጉልበቱ ልክ ነው» ይላል። «አሥር ከአሥር።»