የእናቴ ሙሾ በህንዱ መምህር እንግሊዝኛ

ሰው አላምንም። የምኮራበት ነገር ሆኖ አይደለም፤ እንዲያው ተፈጥሮዬ ነው። እዚህ ኖርዌይ፣ ማዮርስቱን በሚባለው ሠፈር ባለው የአረጋውያን ቤት ስሠራ፣ አዛውንቶቹ የጌጣቸውን ሣጥን ቁልፍ ሳይቀር እኔ ጋ ያስቀምጣሉ። እኔ ግን ሐኪም ያዘዘልኝን ኪኒን እንኳ ወረቀቱን ሦስቴ አንብቤ፣ ስሜ በትክክል መጻፉን አይቼ ነው የምውጠው።

በፈረንጆቹ 2008 የበረዶ ክረምት፣ ሮምሶስ ሠፈር ከምንኖርበት ፎቅ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። “ህንዶች በእንግሊዝኛ የጻፉት ግጥም ከየት ተነስቶ የት ደረሰ? ዘወትር ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ በነጻ” ይላል። “በነጻ” የምትለዋን ሳይ ጠረጠርኩ። እዚህ አገር የገበያ ፌስታል እንኳ በነጻ አይሰጥም። ቢሆንም ገባሁ። ያስገባኝ ህንድም እንግሊዝኛም አይደለም፤ የእናቴን ሙሾ የጻፍኩበት ደብተር ነው።

እናቴ ደሴ ውስጥ ስሟ የተጠራ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ለቅሶ ቤት ስትጠራ በዋናው በር አትገባም። መጀመሪያ በጓሮ ዞራ ማድ ቤት ያሉትን ሴቶች “እጁ ምን ይዞ ኖረ?” ብላ ትጠይቃለች። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ በእጁ የያዘውን ነገር ሳታውቅ አፏን አትከፍትም። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የሞተ ቀን እንዲህ ብላ አወረደች፦

የሰው ቀሚስ ለክተህ፣ የሰው ሱሪ ሰፍተህ፣
ዛሬ ምነው ተኛህ ሳትለካ ገብተህ።

ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያሉትን ከአፏ እየሰማሁ በአንድ ደብተር ገለበጥኳቸው። ያ ክረምት ሲገባ እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አልቀበርኳትም። ለልጄም ለሰውም ሁሉ “የጉዞ ወረቀቴ አልደረሰልኝም ነበር” ብያለሁ።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ፊደሉ ግን ለሷ የዶሮ ጭረት ነው። ትምህርት ቤት ስለ አያቶቻችሁ ጻፉ ተብለው “አያቴ ሥራዋ ምን ነበር?” ብትለኝ፣ “ሰው ሲሞት ታለቅስ ነበር” አልኳት። ሳቀች። “ለሥራ? ናይ፣ አይሆንም፣ ማማ፣ እንዲህ ብዬማ አልጽፍም።” ሳቋ አንጀቴን አሳረረው። እናቴን በምታነበው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ ካላሳየኋት፣ እናቴ ለልጄ የምታስቅ አልቃሽ ሆና ልትቀር ነው አልኩ።

መምህሩ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አንገታቸውን በሱፍ ሻርፕ የጠመጠሙ ሽማግሌ ናቸው። አገራቸው ኮሌጅ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ወዳለበት መጡ። ከእኛ ፎቅ ሁለት መግቢያ አልፎ ነው የሚኖሩት። ስምንት ሰው ሆነን እንሰማቸዋለን። የመጀመሪያዎቹ ገጣሚዎቻችን፣ ይላሉ፣ በጌቶቻቸው ዜማ የጌቶቻቸውን ወፍና አበባ ጻፉ። በረዶ አይተው የማያውቁ ሰዎች በግጥማቸው በረዶ ያዘንባሉ። ጌቶቹ ከሄዱ በኋላ የመጡት ደግሞ እንግሊዝኛውን እጁን ይዘው ቤታቸው አስገቡት፤ የአባታቸውን መነጽር፣ የከተማውን ባቡር፣ የአክስታቸውን ማድ ቤት አሳዩት። ከወገኖቻቸውም ስድብ ጠገቡ፤ በገዢ አፍ የምታወሩ ተባሉ።

“እኔ አንድ ግጥም ሳነብ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው” አሉ አንድ ቅዳሜ። “ይሄ ሰው ይሄን ነገር በእጁ ነክቶታል ወይስ ተውሶት ነው?”

ደነገጥኩ፤ የእናቴ ጥያቄ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እኔ ግን ‘ይሄ ሰውዬ ደብተሬን አይቶታል እንዴ?’ አልኩ በሆዴ። እንዲህ ነኝ።

እሳቸው ስለ ደብተሩ ያወቁት ግን ራሴ ስነግራቸው ነው። “ከትምህርቱ በፊት አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ነይ። አንቺ በሰባራ እንግሊዝኛሽ ቃል በቃል ንገሪኝ፤ እኔ አቃናዋለሁ” አሉኝ።

“ምን አድርጊልኝ ሊሉ ነው?” አልኳቸው።

“ሻይ በፔርሙስ ይዘሽ ነይ።”

ሻይ! ለሻይ ብሎ የሚለፋ ሰው የት ነው ያለው? በየሳምንቱ እየሄድኩ፣ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በአንድ እጄ ሸፍኜ አነብላቸዋለሁ። ኮፒ እናንሳው ቢሉኝ እምቢ አልኩ። የእናቴን ሙሉ ስም ጠይቀው በየፊደሉ አስነገሩኝ፤ ይሄ ለምን አስፈለገ? አንድ ቀን ሳይጠብቁኝ ስገባ ደግሞ የራሳቸውን ማስታወሻ ዘጭ አድርገው ዘጉት። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። የሰው ድካም በስሙ ሊያሳትም ነው።

ስለዚህ ወጥመድ አጠመድኩ። የእናቴን ሙሾ ደሴ ያለ ለቀስተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገ ብይዛቸው ከሌላ ሰው ሰማሁት ሊሉኝ ይችላሉ። ከእኔ በቀር ማንም ሰምቶት የማያውቅ አንድ ሙሾ ፈጥሬ ከእናቴ ሙሾዎች ጋር ብቀላቅለውስ? የትም ቦታ በስማቸው ወጥቶ ካገኘሁት እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው ማለት ነው። ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የሚያስቸግረኝ መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ጣቢያ ሳናልፍ መጣልኝ፦

ጎረቤቱ ቀብሮሽ አልቅሶ ሲመለስ፣
ያንቺው ልጅ መንገድ ናት እስከ ዛሬ ድረስ።

ቅዳሜ ከደብተሩ የመረጥናቸውን አራቱን የእናቴን ሙሾዎች ከጨረስን በኋላ ይሄን አምስተኛ አድርጌ ሰጠኋቸው። “እናቴ ለአንዲት ጎረቤት ያወረደችው ነው” አልኩ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ። መምህሩ ሁለቴ አስደገሙኝና ጻፉት።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። የክፍሉ ሰዎች የሠራነው ተሰብስቦ በትንሽ መጽሔት ይወጣል ተብሎ፣ ልጄንም “የአያትሽን ታነቢያለሽ” ብዬ ይዣት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ በስቴፕለር የተሰፉ ወረቀቶች ተደርድረዋል። አንዱን አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ የመምህሩ ስም ብቻ አለ።

ሰውም አላፈርኩ፣ ልጄንም አላፈርኩ። “የእናቴን ድካም በስምዎ አወጡት?” አልኳቸው። “ከመጀመሪያውም አውቄ ነበር። ወረቀቱ ላይ ‘በነጻ’ የሚለውን ያየሁ ቀን ነው ያወቅኩት። ሌባ ነዎት።” ወንበር ያስተካክሉ የነበሩ አንዲት አሮጊት ኖርዌጃዊት ወንበሩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

መምህሩ አልተቆጡም። “ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው” አሉኝ።

ገለጥኩት። የእናቴ ስም ከእነ አባቷ ስም፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ፣ ከላይ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ አራቱ ሙሾዎች አሉ። ለካ ሽፋኑ ላይ ያለው ስማቸው ከሥሩ በትንሹ “የሰበሰቡት” ይላል። የዘጉብኝን ማስታወሻ ከቦርሳቸው አውጥተው አጠገቤ አኖሩት። የእናቴ የልብስ ሰፊው ሙሾ ብቻ ስድስት ጊዜ ተጽፎ ስድስት ጊዜ ተሰርዟል። “ሳይበስል እንድታዪው አልፈለግኩም” አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቀጥሎ ያለውን ገጽ ስገልጥ አምስተኛው ሙሾ ብቻውን ቆሟል፤ ከላዩ ያለው የእናቴ ስም ሳይሆን የኔ ነው።

“ይሄም የእናቴ ነው” አልኩ።

“አይደለም” አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። “እናትሽ ባለችበት ሁሉ የሟቹ እጅ አለ። የልብስ ሰፊው ልኬት አለ፣ ሚዛን አለ፣ የበሬው ገመድ አለ፣ ወንፊት አለ። እዚህ ሟቿ በእጇ ምን ይዛ እንደኖረች አናውቅም። እዚህ ያለችው ሳትደርስ የቀረችው ልጅ ብቻ ናት። ይሄን ማንም ተውሶ አይጽፈውም። ስለዚህ የማን እንደሆነ ልጠይቅሽ አላስፈለገኝም።”

በይቅርታ ፈንታ ሻዩን ቀድቼ ሰጠኋቸው፤ ተቀበሉኝ። ልጄ መጽሔቱን ወስዳ ጥግ ይዛ ቆማ አነበበች። ልብስ ሰፊው ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች፤ የበፊቱ ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ገጹን ገለጠች፣ ብዙ ቆየችበት።

ወደ ቤት ተመልሰን፣ ሊፍቱን እየጠበቅን፣ “ማማ፣ ወረቀትሽ ነበረሽ አይደል?” አለችኝ። “ያኔ አያቴ ስትሞት የጉዞ ወረቀትሽን መሳቢያ ውስጥ አይቼዋለሁ። የኔ ፎቶ እዛ ውስጥ ስለነበር አልረሳሁትም።”

ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር እዚያው ቆሜ ነገርኳት። አጎትሽ ሦስቴ ደወለ አልኳት። እማማ ታማለች፣ አንቺን እየጠራች ነው፣ ድረሺ አለኝ። ከዚያ በፊት በእናቴ ቤት የተነሳ ተጣልተን ነበር። እኔን አታሎ አስመጥቶ ሊያስፈርመኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስተኛው ላይ ሲያለቅስ እንኳ ‘ማልቀስማ ከእናቱ የተማረው ነው’ አልኩ። በአራተኛው ሲደውል ተቀብራ ነበር።

“አላመንኩትም” አልኳት። “ሌላ ምክንያት የለኝም።”

ሊፍቱ መጣ፤ ገባን። ልጄ ቁልፉን ተጫነች፤ መጽሔቱን ደረቷ ላይ አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

“አንድ ቀን እኔ ስደውልልሽስ፣ ማማ? ታምኚኛለሽ?”

እንደ እሷ በኖርዌጂያንኛ “ያ”፣ አዎ፣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ፎቅ እስክናልፍ ድረስ ከአፌ አልወጣም፤ እሷም ቁጥሮቹን እያየች ነበር።