እትዬ ጣቢያና የሰፈሩ ጠባቂዎች

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ጣቢያ ብሎ ነው የሚጠራት። ስሙ የወጣላት ከሃያ ዓመት በላይ በሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ስትቀበል ስለኖረች ነው። ዶሮ የጠፋበትም፣ ባሏ የደበደባትም፣ ጎረቤቱ ሙዚቃ እያስጮኸ እንቅልፍ የነሳውም፣ መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነበር። ኋላ መንግሥት በጀት ቀነሰ ተባለና ጣቢያው ከማዶው ትልቅ ጣቢያ ጋር ተዋሃደ። መዋሃድ ያሉት አንዱ ሌላውን ውጦ ዝም ማለቱን ነው። በሩ ተቆለፈ፣ ፖሊሶቹ ተበተኑ፤ እሷም ጉልበቷ ሳይደክም ጡረታ ውጪ ተባለች።

ጡረታው አልበጃትም። ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች። የታጠበ ሰሃን ደግማ ታጥባለች። የጎረቤት ስልክ ከግድግዳው ወዲያ ሲጠራ እጇ ሳታዘው ይዘረጋል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅም አልወለደች፤ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟን ነው። እሱ ግንበኛ ነው፣ አግብቶ እዚያው መታጠፊያው ላይ ይኖራል። ብቅ እያለ "እትዬ፣ እረፊ እንጂ" ይላታል፤ እረፍት ሰው ለሰው ገዝቶ የሚሰጠው ነገር ይመስል።

ሌባው ግን አላረፈም። ጣቢያው በተዘጋ በወሩ የልብስ ማስጫ ገመድ ባዶውን ያድር ጀመር። ከዚያ የጋዝ ሲሊንደር ጠፋ፣ ከዚያ የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና። ማዶ ተደውሎ ስልኩ ከተነሳ መልሱ አንድ ነው፤ ያለችን አንድ መኪና ናት፣ እሷም ጋራዥ ገብታለች። ሰዉ ታዲያ አቤቱታውን ይዞ እትዬ ጣቢያ ቤት ይመጣል። ምን ታድርግ? ታዳምጣለች። እንደለመደችውም በደንቡ ትጠይቃለች፤ ቁመቱ፣ ልብሱ፣ የያዘው ነገር፣ የሄደበት አቅጣጫ። ጠይቃ ስትጨርስ ግን የምታቀብለው ሰው የለም። እንቅልፍ የሚነሳት ይሄ ነበር።

ስለዚህ ግንበኛው የሰፈሩን ወንዶች ሰብስቦ ጥበቃ ሲያቋቁም፣ ከሁሉም በላይ ደስ ያላት እሷ ነበረች። ስልክ ቁጥሯ በየበሩ ተለጠፈ። የሚደወልላትን ለወንድሟ ታቀብላለች፣ እሱም ሰዎቹንና ዱላውን ይዞ ይሮጣል። ምን ይዋሻል፣ ነገሩ ሠራ። የሲሊንደሩ ሌባ ተይዞ ጥቂት ጥፊ ቀምሶ ሲለቀቅ ሰፈሩ አጨበጨበ፤ እሷም አብራ አጨበጨበች። ጥፊው ነገ ቡጢ፣ ቡጢውም ከነገ ወዲያ ዱላ እንደሚሆን ማን ልብ ይላል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከታች ያለችው አስተማሪ ደወለች። አይታው የማታውቅ ሰው በየአጥሩ እያጮለቀ ነው። እትዬ ጣቢያ ብድግ አለች። ቁመቱ? ረጅም። ልብሱ? ግራጫ ጃኬት። የያዘው? ጥቁር ቦርሳ። ወዴት ሄደ? ወደ ዳቦ ቤቱ። አንዲት ቃል ሳታዛንፍ ለወንድሟ አቀበለችና ሥራውን በወጉ እንደሠራ ሰው ደስ ብሏት ተቀመጠች።

ግን ወንበሩ አላስቀምጣት አለ። ድሮ እንዲህ ያለውን ቃል የሚቀበላት ሽማግሌው ሳጅን ነበር። ቀርፋፋ ነው፤ ሰፈሩ "ሳጅኑ እስኪደርስ ሌባው አግብቶ ይወልዳል" እያለ ያላግጥበታል። እሱ እቴ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ባይ ነው፤ ኮፍያውን ፈልጎ፣ በእግሩ አዝግሞ፣ ማነህ፣ ማንን ፈልገህ ነው ብሎ፣ ብዙውን ጊዜ እየሳቀ ይመለሳል። ሌባ የተባለው ወይ የአንዱ አማች ነው፣ ወይ የሚከራይ ቤት ፈላጊ። ዛሬ ቃሏ የደረሰው ዱላ ለያዘ ሰው ነው፤ በመሃል ሄዶ የሚያይ የለም። ይህ እንዴት እስከዛሬ እንዳልታያት ሲገርማት ስልኩ እንደገና ጠራ።

አስተማሪዋ ናት፣ ድምጿ ሰልሏል። ሰውየው ለካ አዲሱ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ለጎረቤቷ መታወቂያውን አሳይቶ፣ ቆጣሪዋን አንብቦ ነው የሄደው።

ወንድሟ ጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። የሚሮጥ ሰው ኪሱን አይሰማም። በነጠላ ጫማዋ ወጥታ እሷም ሮጠች።

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰው ክብ ሠርቷል። ሰውየው ሲከቡት ሮጧል፤ መሮጡ ደግሞ ሌባ አሰኝቶታል። ዱላ ይዘው ሲመጡበት የማይሮጥ ማን ነው? እትዬ ጣቢያ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች። ሰውየው መሬት ላይ ነው፤ ጃኬቱ ተቀዷል፣ ክንዱም ክንድ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ዱላውን ያነሳው ወንድሟ ነው። ሄዳ ሰውየው ላይ ወደቀችበት።

"ቆጣሪ አንባቢ ነው" አለች። "ተሳስተናል፣ ተው።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ግራጫ ጃኬት ያልሽን?" አላት እያለከለከ።

እሷ ግን ከሰውየው ላይ አልተነሳችም።

ቆስሎ የወደቀውን ሰው የዳቦ ቤቱ መኪና ሐኪም ቤት አደረሰው። እሱ ከመሄዱ ወሬው አንድ ሆነ፤ ሮጦ፣ ተሰናክሎ፣ ወደቀ። ሰፈሩ እንዲህ ባንድ ቃል ሲስማማ ታይቶ አይታወቅም። የወንድሟ ሚስት የገፋ ሆዷን ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ልጁ ያላባት እንዳይወለድ አንቺም ወደቀ በይ ብላ ለመነቻት። እትዬ ጣቢያም እሺ አለች። ምን ትበል? ወንድሟን ጉንፋን ሲይዘው እንኳን አብራው የምታስል ሴት ናት። እሺ ካለች በኋላ ግን ጓዳ ገባች፣ ወጣች፣ ውሃ ጣደች፣ ሳትጠጣ ደፋችው፤ ያ የታጠፈ ክንድ ከፊቷ አልሄድ አለ።

በማግስቱ ሐኪም ቤቱ አመልክቶ ኖሮ፣ ወደ ማዶ ጣቢያ የተዛወረው ሽማግሌው ሳጅን በአውቶቡስ መጣ፤ መኪናዋ አሁንም ጋራዥ ናት። ብቻውን ነው። ሰዉን ሰብስቦ በዚያው በቀርፋፋ አጠያየቁ ጠየቀ። ዳቦ ጋጋሪው ወደቀ አለ። አስተማሪዋም መሬት መሬቱን እያየች ወደቀ አለች። ግንበኛው እጁን ሳይታጠብ ከሥራ እንደመጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"አንቺስ እህቴ?" አላት ሳጅኑ።

ወደቀ ልትል አፏን ከፈተች።

"ወንድሜ ነው የመታው" አለች። "የላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ወንድሟ ቢቆጣ በተሻላት። እሱ ግን የማያውቃት ሴት ናት የተናገረችው ይመስል ትክ ብሎ አያት። ሳጅኑ ካቴና አልያዘም፣ አጃቢ የለውም፣ ጉልበቱም የድሮው አይደለም፤ ግንበኛው ዘወር ብሎ ቢሄድ የሚይዘው አልነበረም። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። እትዬ ጣቢያ ቦርሳዋን አንጠለጠለችና እኔም አብሬ እሄዳለሁ አለች፤ ወንድሟም ከግድግዳው ተላቆ ተከተላት።

አውቶቡሱ ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ወንድሟ መሃል ሆነ። ለሚያያቸው ሰው በሽተኛ ሊጠይቁ የሚሄዱ ቤተሰብ ነው የሚመስሉት። ድልድዩን ሲሻገሩ የወንድሟ ግንባር ማላብ ጀመረ። እጁን ያዘችው።

"እንዳላመልጥ ነው?" አላት ቀስ ብሎ።

"እንዳትፈራ ነው።"

እጁን አልነጠቃትም። ሲሚንቶ የበላው መዳፉ በእሷ መዳፍ ውስጥ እንዳለ፣ ማዶ ደርሰው እስኪወርዱ ድረስ እንደተያያዙ ሄዱ።