ደሜ አልበዛም ነበር

መጀመሪያ የታመመው ማጅራቴ ነው። ጠዋት ሱቅ ስከፍት አንገቴ ሥር ጨምድዶ ይይዘኝና እስከ ረፋድ አይለቀኝም። ጆሮዬም ውስጥ እዝ የሚል ድምፅ ነበር። አምቦ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ጣቃ ሳነሳና ሳወርድ ስለምውል የሸክም ድካም ነው ብዬ ማስታገሻ እየዋጥኩ ከረምኩ። ልጄን ላሳክም ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ቀን ነርሷ እግረ መንገዷን እኔንም ለካችኝ። 180 በ110። ደግማ ለካችኝ። ያው ነው።

“ደም ብዛት አለብዎት” አለችኝ።

ይህን ቃል በቤታችን ማንም አቅልሎ አይናገረውም። እናቴ በዚሁ ሕመም ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆኖ፣ አፏ ተጣሞ ዓመታት ተኝታ ነው የሞተችው። የማጎርሳት እኔ ነበርኩ። ከሞት ይልቅ የእሷ አልጋ አስፈራኝ።

ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታዘዘልኝ። የሁለተኛው ስም ምላስ ስለሚያስር ሰው “የሽንት ኪኒን” ይለዋል፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት ይሄኔ ነው። ጨርቅ ይዤ ባኮ በምወርድበት ቀን ጠዋት ውጬው ተሳፈርኩና ጌዶ ሳንደርስ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ አስቆምኩ። ረዳቱ “እናት፣ ከዚህስ መኪናውን ኮንትራት ይያዙት” ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ሳቁስ ይሁን። የከፋው ሳሉ ነበር። አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚከረክር ደረቅ ሳል። ደንበኛ ዋጋ ይጠይቀኝና እስክመልስለት ትዕግሥቱ አልቆ ይሄዳል። ቀጥሎ ማዞር መጣ። ከበርጩማዬ ብድግ ስል መደርደሪያው ይዞርብኛል።

አጠገቤ ቅመም የምትሸጠው ጫልቱ ጎረቤቴ ብቻ አይደለችም፣ እንደ እህቴ ናት። ሁኔታዬን ስታይ ከረመችና ምክንያቱን አገኘችው። “ዘይኔ፣ ደምሽ በዝቶ ነበር፤ ኪኒኑ ጨረሰው። አሁን የያዘሽ ደም ማነስ ነው” አለችኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ቃሉን ላመነ ሰው ምን ስሕተት አለው? የበዛ ነገር ሲቀንሱለት ያንሳል። ኪኒኑን አቆምኩ። ጫልቱ የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ከእስላም ሥጋ ቤት ጉበት እየገዛች ታመጣልኝ ጀመር። ቀይ ሥርም ቀቅላ፣ ጨው ነስንሳበት “ብዪ፣ ደም ይሆንሻል” ትለኛለች። ማዞሩ ተወኝ። ሳሉም ውሎ አድሮ ጠፋ። ሁለታችንም ደስ አለን።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎነበስኩ። ጣቶቼ እምቢ አሉ። ጫልቱን ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ከበደኝ። የእናቴ አልጋ ታየኝ።

ጫልቱ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ። መንገዱን ሁሉ ቀኝ እጄን እያሸች እመቤቴ ማርያምን ትለምናለች። እኔ በልቤ “ያ አላህ፣ እጄን” እላለሁ።

ከቀትር በኋላ ጣቶቼ ተመለሱ። ምላሴም ተፈታ። ዶክተሩ ስትሮክ ሊሆን ሲል የተመለሰ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ነው አለኝና ኪኒኑን ለምን እንዳቆምኩ ጠየቀኝ። ስለ ደም ማነሱም ስለ ጉበቱም ነገርኩት። አልሳቀም። ሊመልስልኝ ሲል አጠገቤ የተኙት ከወንጪ የመጡ አዛውንት የእሳቸውስ በሽታ ምን እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቁት። “ኦቦ፣ ዺባ ዺጋ ነው” አላቸው።

ቃሉን በሬዲዮም ሰምቼዋለሁ፤ ልብ ብዬው ግን አላውቅም። ዺጋ ደም ነው። ዺባ ደግሞ ባጃጅ ጭቃ ሲይዘው ገበያተኛው ተሰብስቦ የሚጮኸው ቃል ነው፤ ግፉ ማለት ነው። በአማርኛም ሐኪሞቹ የደም ግፊት ይሉታል። ደም ብዛት የምንለው እኛ ነን።

“ታዲያ ደሜ አልበዛም?” አልኩት።

“ደምዎ ልክ ነው፣ አልበዛም፣ አላነሰም። የበዛው ግፊቱ ነው። ሳሉን ያመጣው ኢናላፕሪሉ ነበር። ያኔ ቢመጡ በሌላ እለውጥልዎ ነበር።”

ኪኒን እንደ ጨርቅ “ይህ አልሆነኝም፣ ሌላ አውጡልኝ” እንደሚባል በዚያ ቀን አወቅኩ። በኢናላፕሪሉ ፋንታ አምሎዲፒን ተሰጠኝ። ከወር በኋላ ደግሞ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማዬ አልገባ ሲለኝ፣ በዚህ ጊዜ ወደ ጉበት ሳይሆን ወደ ዶክተሩ ሄድኩ፤ መጠኑን ቀነሰልኝና እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። የሽንት ኪኒኑን እሱን ጠይቄ የባኮ ቀን ከደረስኩ በኋላ እወስደዋለሁ፤ ያ ረዳት አሁን “እናት፣ ዛሬ አናቆምም?” እያለ ይቀልድብኛል። ረመዳን ሲቃረብም አስቀድሜ ሳማክረው ሰዓቱን በማፍጠሪያና በስሑር ያስተካክልልኛል። ጨው የቀነሰ ወጥ መጀመሪያ ሰሞን ውኃ ውኃ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ የሰው ቤት ወጥ ጨው ይበዛብኛል። ስነሳ አሁንም ጥቂት ያዞረኛል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ ጠረጴዛውን ይዤ እነሳለሁ። ማጅራቴም አልፎ አልፎ ይይዘኛል፤ ያኔ ከመፍራት በፊት እለካለሁ።

ይህ ሕመም ያለባችሁ፣ ኪኒኑ ሲያስላችሁ፣ ሲያዞራችሁ፣ ሲያሳብጣችሁ ዝም ብላችሁ አትቻሉት። በራሳችሁም አታቁሙት። ሄዳችሁ ንገሩ። ደህና ነኝ ብላችሁም አትዘናጉ፤ እኔ ደህና ነኝ ባልኩበት ሰሞን ነው መቀሱ የወደቀው። ዶክተሩን አላህ ይስጥልኝ። ጫልቱንም አመሰግናለሁ፤ ጉበቱን ያመጣችልኝም፣ ባጃጁን ያስቆመችልኝም አንድ ልብ ነው።

እሷ ግን ከዚያ በኋላ ፊቴን ማየት ትሸሽ ጀመር፤ ጸጸቱ ጎዳት። አንድ ቀን ለክትትል ስሄድ በግድ ጎትቼ ይዣት ሄድኩና እሷንም አስለካኋት። የእሷ ከእኔም ይብስ ነበር። አሁን ሁለታችንም ኪኒናችንን ውጠን ነው ሱቅ የምንከፍተው። ድሮ ጠዋት ጠዋት “ነጋ ቡልቴ?” እያለች እንዴት እንዳደርኩ ትጠይቀኝ የነበረችው ጫልቱ፣ ዛሬ ሱቋን እየከፈተች “ዋጥሽ?” ትለኛለች። “ዋጥኩ፣ አንቺስ?” እላታለሁ፤ መቀሴን በቀኝ እጄ አንስቼ።