መኪና ልንሞክር ወጥተን ለቅሶ ደረስን

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ እኔ ግን ዛሬም ተራራው ላይ ደመና ባየሁ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ግቢያችን ውስጥ የቆመችውን መኪና አያለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ እንደገና እነሳለሁ። የያዝኩት መጽሐፍ አንድ ገጽ ላይ ተከፍቶ ይቀራል።

ልጄ ሊዲያ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ሰሞን ቤታችን የመኪና አማካሪዎች መሰብሰቢያ ሆኖ ነበር። ወንድሜ ኤሌክትሪክ ግዢ ይላታል። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ነዳጅ የማይበላ ትንሽ አውቶሞቢል ይመርጡላታል። አብረዋት የሚዘምሩት የኳየር ልጆች ደግሞ ገና ባልተገዛ መኪና ቀለም ይጣላሉ። እሷ ግን ከሥራ መልስ ስልኳ ላይ ተደፍታ የምታየው ቪዲዮ ሁሉ ጭቃ ውስጥ የሚንቦጫረቁ አሮጌ ፎርዊል መኪኖች ናቸው።

«ከታቦር እስከ ባህል አዳራሽ አንድም ወንዝ የለም» አልኳት። ቤታችን ታቦር ነው፣ ቢሮዋ ባህል አዳራሽ፤ መሃሉ አስፋልት።

«ከፍ ብዬ መቀመጥ ነው የምፈልገው፣ ማሚ። ባጃጆቹ እንዲያዩኝ።»

«ባጃጅ ማንንም አያይም።»

እውነቱን ለመናገር ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪክ ማለት ሲጀምር በሆዴ ለአሮጌው ማድላት ጀምሬ ነበር። ሁሉም የተስማማበት ነገር አይጥመኝም። ችግሩ የምትነዳው ልጄ መሆኗ ነው። ሰው በገዛ ልጁ ላይ ሲሆን አፈንጋጭነቱ ይጠፋበታል።

መኪናዋን ያገኘነው በቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኩል ነው። ሻጩ አቶ ዳንጊሶ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በገጠር ጤና ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ስላላቸው ነበር የሚሸጧት። መኪናዋ ከሊዲያ በዕድሜ ትበልጣለች። በፊት ነጭ ነበረች አሉን፤ አመንናቸው። በሯ ሲዘጋ ባዶ በርሜል የተመታ ይመስላል። እኔ ዙሪያዋን እየዞርኩ ዝገት ፈለግኩ፤ ሳልቸገር አገኘሁ።

«ቆንጆ ናት» አለች ሊዲያ።

«ከታች በልቷታል፤ ጎንበስ ብለሽ እይ።»

አቶ ዳንጊሶ ሳቁ። «እህቴ፣ እኔና እርስዎም የድሮ ሞዴል ነን። እየሄድን አይደል?»

ለሙከራ የወጣነው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ያካፋል። ሊዲያ መሪውን ያዘች፣ አቶ ዳንጊሶ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ዳገት ላይ ልያት ስላለች ከከተማው ዳር በቱላ በኩል አልፈን ከአስፋልቱ ወጣን። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ እንሰት። እስካሁንም የሚገርመኝ እስከዚያ ድረስ ደህና መንዳቷ ነው።

ብዙም ሳንሄድ አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አገኘን። ዙሪያውን ነጠላና ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። እኛን ሲያዩ ሁሉም እጃቸውን አነሱ። ሰላምታ መስሎኝ እኔም በመስኮቱ እጄን አወዛወዝኩ። ሰላምታ አልነበረም።

አቶ ዳንጊሶ መስታወቱን አውርደው በአገሬው ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ትንሽ ከተነጋገሩ በኋላ ወደ እኛ ዞሩ። «የእድር ድንኳን ነው የጫኑት። ላይ መንደር ሰው ሞቶ ቀብሩ ዛሬ ነው። መኪናዋን ሲያዩ እንደወትሮው ተጠርቼ የመጣሁ መስሏቸዋል።»

«ታዲያ አይደለም ይበሏቸዋ» አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። የተናገርኩት ነገር በሲዳሙ አፎ እንዴት እንደሚባል ያጡት ነው የመሰለኝ።

ድንኳኑ ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ተጫነ። ብረቶቹ እግሬ ሥር ገቡ። ሁለት አሮጊቶች ግራና ቀኜን ያዙኝ፤ የአንዷ እርጥብ ጃንጥላ ጭኔ ላይ አረፈ። አንድ ረጅም ሰው ከኋላ ተንጠለጠለ። እስካሁን መኪና እየሞከርን ነው።

ዳገቱ መጣ። መሃሉ ላይ ስንደርስ ጎማው ባለበት ይዞር ጀመር። ከዚያ መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን በግራ በኩል ጎርፍ ወደ ቦረቦረው ገደል። አሮጊቶቹ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ይላሉ። እኔ በግራዬ ባለችው አሮጊት ላይ ተንጠራርቼ በሩን ለመክፈት እየታገልኩ «አውርዱን! ሊዲያ፣ ተይው፣ ውረጂ!» እያልኩ እጮሃለሁ።

«ማሚ፣ ዝም በይ!»

በሕይወቷ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። እጄን ከበሩ ላይ አነሳሁ። አቶ ዳንጊሶ ለስለስ ባለ ድምፅ «ፍሬኑን ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ» ይሏታል። የኋላ ጎማው አንድ ጉብታ አግኝቶ ቆመ። በግራው መስኮት ወደ ታች ሳይ መንገድ አይታየኝም።

ሊዲያ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። የተንጠለጠለው ሰውዬ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። እሷ መሪው ላይ እንደተደገፈች አሰበችና «አራቱንም ጎማ አስገብቻለሁ እኮ» አለች። ቀጥላ «ጋሼ፣ የፊት ጎማዎቹ ተቆልፈዋል?»

አቶ ዳንጊሶ ግንባራቸውን መቱ። ለካ የድሮ ፎርዊል ከውስጥ ማርሽ ማስገባት ብቻ አይበቃውም፤ ወርዶ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያለችውን ክብ ነገር በእጅ ማዞር ያስፈልጋል።

«ሁልጊዜ ከተሳፋሪው አንዱ ነበር ወርዶ የሚያዞራት» አሉ። «ይቺን መኪና ብቻዬን ነድቼ አላውቅም።»

ሊዲያ በነጭ ስኒከሯ ጭቃው ውስጥ ወረደች። አንዱን አዞረች፣ በፊት በኩል ዞራ ሌላውን አዞረች፤ የቀለድኩባቸው ቪዲዮዎች ያስተማሯት ይህንን ነበር። ተመልሳ ገብታ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ አጓራች፣ ተንገራገጨች፣ ወጣች። ከቀኜ ያለችው አሮጊት ሊዲያን ከኋላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

ለቅሶው ቤት ስንደርስ ከከተማ በመኪና የመጣን የሩቅ ዘመዶች መሰልን። ሴቶች እየጮኹ መጥተው አቀፉኝ፤ እጄን ይዘው ከሐዘንተኞቹ መካከል አስቀመጡኝ። ሲዳሙ አፎዬ ከገበያ ስለማያልፍ ማስረዳት አልቻልኩም። ማስረዳትም አላስፈለገኝም፤ ዳገቱ ላይ የያዝኩት እንባ እዚያ መጣ። ስሙን የማላውቀውን ሰው ከልቤ አለቀስኩለት። ሁሉም ሲያጽናናኝ ዋለ።

ድንኳኑ ተተክሎ ሳይ ሊዲያ መኪናዋ አጠገብ በሰው ተከባለች። አንድ ሽማግሌ አቶ ዳንጊሶን ይጠይቃሉ።

«ምን ይላሉ?» አልኩ ቀርቤ።

«የምትገዛው እሷ ናት ወይ ነው የሚሉት። ገና አልተነጋገርንም አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ስልኳን ስጡን አሉ።»

ሊዲያም ቁጥሯን እየጠራች፣ እነሱም እየመዘገቡ ነው። መኪናዋን ገና አልገዛችም፤ መኪናዋ ግን ልጄን ይዛታለች።

ስንመለስ ያለኝን ክርክር ሁሉ አወጣሁ። መለዋወጫው አለ፣ ነዳጁ አለ፣ ገደሉ አለ። ከመኪናዋ ጋር አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው አብሮ እየተሸጠልሽ ነው አልኳት። አቶ ዳንጊሶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ።

«ሰምቻለሁ፣ ማሚ» አለች። «ግን ለምን ይመስልሻል እንደዚያ ሁሉም እጃቸውን ያነሱት?»

ገዛቻት። አሁን በሥራ ቀን ታቦርን ወርዳ ባህል አዳራሽ ትቆማለች፤ ባጃጆቹም እንደገመትኩት አያዩአትም። ሲዘንብ ግን ስልኳ ይጠራል። ሄዳ እስክትመለስ ግቢው ውስጥ እንቆራጠጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሲጠራ ሊዲያ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። አነሳሁት።

«የመኪናዋ ልጅ ናት?»

«እናቷ ነኝ።»

«እናት፣ ሰላም ናችሁ? ሰው ታሟል። መንገድ ጭቃ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሐሳቤን አልለወጥኩም፤ ለጀማሪ ነጂ እንዲህ ያለ መኪና አይገዛም፤ የሚጠይቀኝ ካለ ዛሬም ይህንኑ እላለሁ።

ሊዲያ ፎጣ ጠምጥማ ስትወጣ እኔ ዝናቡ ውስጥ ተንበርክኬ ሁለተኛውን ጎማ እየቆለፍኩ ነበር።

«ማሚ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተደውሎልሻል» አልኳት። «ቶሎ በይ፤ እኔ ከኋላ ነኝ።»