መርዶ ያደረበት ሰርግ

ባለፈው እሑድ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስመለስ ሐሙሲት ላይ የሰርግ አጀብ መንገድ ዘጋብን። መኪኖቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ አይሱዙ ላይ የተጫኑት ልጃገረዶች ከበሮ ይደልቃሉ። የሚኒባሳችን ተሳፋሪ ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያጨበጭባል። እኔ ዓይኔን ጉልበቴ ላይ ተክዬ እስኪያልፉ ጠበቅሁ። ሰርግ እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። የሰርግ ከበሮ ስሰማ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳላይ አላልፍም፤ ይህ ልማድ የመጣብኝ በእናኑ ምክንያት ነው።

እናኑ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነበረች። አሥረኛ ክፍል አብረን ስንማር፣ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ወረታ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቋን ከቤቷ እያመጣች ትኖር ነበር። አከራይዋ እትዬ ዘውዴ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። አባቷ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ እናቷ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራትም። እኔ ሰው ፊት ቃል የሚጠፋብኝ ልጅ ስለነበርሁ፣ ለምን ጓደኛዋ እንዳደረገችኝ አላውቅም። ምናልባት ለሁለታችንም የሚበቃ ታወራ ስለነበር ይሆናል።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ እትዬ ዘውዴ ልጃቸውን ዳሩ። ጥር በፎገራ ደስ የሚል ወር ነው። ሩዙ ተወቅቶ ገብቷል፤ ክረምቱን ውኃ ውጦት የከረመው ሜዳም ደርቆ በየትም በኩል ያስኬዳል። ሰፈሩ የራሱን ሥራ ትቶ ነበር። አንዷ ድስቷን፣ ሌላዋ ወንበሯን፣ ሌላዋ ሌት የጋገረችውን የሩዝ እንጀራ ይዛ መጣች። ሸራ ለመወጠር የመጡት ወንዶች ከሥራው በዝተው እርስ በርሳቸው ይጋፉ ነበር። ወረታ ሲጠሯት እንዲህ ሙሉ ሆና ትመጣለች።

እናኑ ዳሱ ውስጥ ከበሮ ትመታለች፤ እኔ ጓሮ ሳህን አጥባለሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ፣ እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ የለበሰ ሰውዬ በጓሮ በር ገቡ። የእናኑ እናት ወንድም፣ አያ ምትኩ ነበሩ።

«እኅቴ ጎሕ ሲቀድ አረፈች» አሉ ለእትዬ ዘውዴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወባ ነው የጣላት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጅቱን ልወስዳት ነው የመጣሁ።»

እትዬ ዘውዴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከልባቸው እንዳዘኑ አይቻለሁ። ሌሎች ሴቶችም ተሰበሰቡ።

«አያ ምትኩ፣ እንዲህ ብድግ ተብሎ ይረዳል እንዴ? መንገድ ላይ ብትወድቅብዎስ?» አለች አንዷ።

«ነገ በማለዳ እኛው እናረዳታለን፤ ሁላችንም አጅበን እናደርሳታለን» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ሙሽራው ሊገባ ነው፤ አሁን እሪታ ቢነሣ ለልጄም ደግ አይደለም።»

«ቀብሯንስ?»

አንዷ ፈጥና ጠላ ቀዳችላቸው። አያ ምትኩ የሰጧቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው በመጡበት በር ወጡ። ቁሐር ሚካኤል በእግር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ በባጃጅማ ቅርብ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አፍሽ ቁጥብ ነው፣ ልጄ። ከእሷ አትለዪ።»

ዝምታዬ ሲመሰገን ያ የመጀመሪያው ነበር። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ዳሱ ውስጥ ስገባ እናኑ በላብ ረጥባለች። «ኧረ የጓሮዋ ድመት ወጣች!» ብላ ልጃገረዶቹን አሳቀችብኝ። ከዚያ ፊቴን አየችው። «ምነው? ሰው የሞተብሽ መሰልሽሳ!»

«ደክሞኝ ነው።»

«ሴቶቹስ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው? የሚያጎርሰኝ በዛ።»

«ከበሮ አመታትሽ ደስ ብሏቸው ነው» አልኋት። ሰው መካከል ሳልደናቀፍ የተናገርሁት የመጀመሪያ ነገር ይህ ውሸት ነው።

እውነትም በአጠገቧ ያለፈች ሴት ሁሉ ታጎርሳት፣ ጀርባዋን ትደባብሳት፣ ከዚያ ዓይኗን ሸሽታ ትሄድ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሙሽራው ገባ። እናኑ ከበሮውን አንገቷ ላይ አጥልቃ ከፊት ወጣች፤ ድምጿ ዳሱን ሞላው። እኔ ከጎኗ ቆሜ አጨበጨብሁ።

በማግስቱ በማለዳ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯን አንኳኩ። እናኑ ከፍታ ነጠላቸውን አየች። ማንም ቃል ሳይናገር «እናቴን!» ብላ ወደቀች።

ሴቶቹ ቃላቸውን ጠበቁ። አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው አጀባት፤ ትናንት የጨፈሩት ዛሬ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ንፍሮውንም ዳቦውንም ይዘው ነበር። የቁሐር ሰዎች «እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጥ!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

እናኑ መቃብሩ አጠገብ ተቀምጣ አፈሩን በመዳፏ ነካችው። ላዩ ደርቋል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ።»

«የተቀበረችው ዘጠኝ ሰዓት ነው አሉኝ።» መዳፏን ከአፈሩ አነሣች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ምን እያደረግሁ ነበር?»

ታውቀዋለች። እኔም አውቀዋለሁ።

እትዬ ዘውዴን ክፉ ናቸው ማለት አልችልም። መርዶ በሰው ታጅቦ የሚነገረው ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። ያን ቀን ግን ወጉ የጠበቀው እናኑን ሳይሆን ሰርጉን ነበር። ዝምታው ለሰፈሩ ሁሉ ስለተከፋፈለ ለማንም የከበደ አይመስለኝም። ጥያቄው የመጣው ወደ እኔ ብቻ ነው።

እናኑ ዛሬ ቁሐር አግብታ ትኖራለች። ገበያ ስንገናኝ አገላብጣ ትስመኛለች፤ የእናቴን ጤና፣ የሥራዬን ነገር ትጠይቀኛለች። ቂም ፊቷ ላይ አይቼ አላውቅም። ስለ ራሷ ግን ምንም አትነግረኝም። ወንድ ልጅ መውለዷን የሰማሁት ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነበር። ልጁ መሞቱንም የሰማሁት ከሌላ ሰው፣ ከተቀበረ ወር ከሞላው በኋላ ነው።