የጋሽ ይሥሐቅ አምስተኛ ብረት

አመተሥላሴ ይሥሐቅ ሞላሌ ገበያ ገብስና ባቄላ የምትሸጥ፣ ባሏን ቀብራ አንዲት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ጎረቤቷ ስለሆንኩ ጠባይዋን አውቃለሁ፤ ስትናደድ ድምጿ አይጨምርም፣ ይቀንሳል። ባለፈው ጥር ጨርሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

የነገሩ መነሻ የአባቷ ብረቶች ናቸው። ጋሽ ይሥሐቅ በወጣትነታቸው ምጽዋ ወርደው ብዙ ዘመን ሠርተዋል። ደርግ ሲወድቅ ወደ አገራቸው የተመለሱት አንድ የሸራ ከረጢት ይዘው ነው። ከረጢቱ ውስጥ አምስት ብረትና አንድ የእንጨት መዶሻ አለ። ምንድን ነው ሲባሉ "የሥራ ዕቃዬ ነው" ብለው ዝም ይላሉ። የተረፈውን አገሩ ሞላላቸው፤ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው ተባለ፣ ውሎ አድሮ ቡዳ ናቸው ተባለ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማረሻችንንና ማጭዳችንን ለምነን እናሠራና የሠራልን ሰው ዞር ሲል እናማዋለን።

ጋሽ ይሥሐቅ ከሞቱ በኋላም ወሬው አልሞተም። የአመተሥላሴን ልጅ ሰርካለምን አወቀ ለሚባል ጎረምሳ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በመጡ ቀን አብሮ መጣ።

ሽማግሌዎቹን የመሩት የአወቀ አጎት አቶ መኳንንት ነበሩ። ዘር ተቆጠረ፣ ዝምድና አልተገኘም። ደስ ብሎኝ ጠላ ስቀዳ አቶ መኳንንት ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

"አመተሥላሴ፣ አትቀየሚኝ። የአባትሽን ዕቃ ሳናይ ቃል አንሰጥም።"

የቀጥቃጭ ዕቃ ከሆነ ጋብቻው አለቀለት ማለት ነው። ሰርካለም ጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

አመተሥላሴ ይህ እንደሚመጣ ጠርጥራ ቀይት የሚኖሩትን አቶ ቃለአብን አስጠርታለች። እሳቸው ድሮ ምጽዋ መርከበኛ ነበሩ። ከረጢቱን መደቡ ላይ ዘረገፈችው።

አቶ ቃለአብ የመጀመሪያውን ብረት አንስተው አውራ ጣታቸውን በአፉ ላይ ጫን አድርገው አሳለፉ። ጣታቸው አልተቆረጠም።

"መሮ ይመስላል እንጂ መሮ አይደለም" አሉ። "ዱልዱም የሆነው ታስቦበት ነው። ስለት ቢኖረው ጥጡን ይበጥሰዋል። የእንጨት ጀልባ ውሃ እንዳያስገባ በሳንቃና በሳንቃው መሀል ጥጥ ይወተፋል፣ በላዩ ቅጥራን ይፈስበታል። ይህ መወተፊያው ነው። ይህ አፉ ላይ ቦይ ያለው ደግሞ የገባውን መጠቅጠቂያ ነው።" መዶሻውንም ገለበጡት። "ይህ ስንጥቅም ስብራት አይደለም፤ ምቱ ክንድ እንዳያደነዝዝ የተፈለቀቀ ነው። ያየኋቸው ብረቶች ሁሉ የፈረንጅ ፋብሪካ ማኅተም አለባቸው። ሰውዬው ጀልባ ሠሪ ነበሩ።"

ሽማግሌዎቹ ተነፈሱ። እኔም ተነፈስኩ። አቶ ቃለአብ አምስተኛዋን ሲያነሱ ግን ማኅተም አጡባትና ፊታቸው ተለወጠ። ቶሎ ከሌሎቹ ሥር ሸጎጧት።

አቶ መኳንንት አይተዋል። "እሷስ?"

አቶ ቃለአብ ወደ አመተሥላሴ አዩ። አንዲት ቃል ብትውጥ ልጇ ትዳር ትይዛለች። በልቤ ዋጪው፣ ዋጪው እላታለሁ።

"እሷን አባቴ ናቸው የሠሯት" አለች፤ ድምጿ በጣም ቀንሶ ነበር። "ከመኪና ባሌስትራ፣ እሳት አንድደው፣ ቀጥቅጠው። እዚሁ ጓሮ። ወናፉን የማናፋላቸው እኔ ነበርኩ።"

አቶ መኳንንት ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ዱላቸውን ያዙ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ብረቷን ወንዝ ጣሏት። እኛ አልሰማንም፣ አንቺም አልተናገርሽም። እሁድ እንመለሳለን።"

ቅን ሰው ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ለቀቅ አድርገውልናል። እኔም ተገላገልን አልኩ። ሰርካለም ከጓዳ ወጣች፣ ብረቷንና መዶሻውን አነሣች። ወደ ወንዝ የምትሄድ መስሎን መንገድ ለቀቅንላት። እሷ በሩ ላይ ቆመች።

ያ በር የመንዝ ብርድ የማያሳልፍ በር ነው። አያቷ በዚያችው ብረት በሳንቃዎቹ መሀል የበግ ፀጉር ወትፈው፣ ከመንገድ ሠራተኞች በለመኑት ሬንጅ ደፍነውታል። ከታች በኩል ግን ውታፉ ትንሽ ላልቷል። ሰርካለም ተንበረከከች፣ ብረቷን ስንጥቁ ላይ አድርጋ በመዶሻው መታች። ደጋግማ መታች።

"እሁድ ስትመጡ እንዳይበርዳችሁ ነው" አለች፣ ቀና ሳትል።

አቶ መኳንንት ተራምደዋት ወጡ።

እሁድ ቤቱን ጠርገን ጠበቅን። ማንም አልመጣም። አመተሥላሴ ጠላውን መልሳ ከደነች፣ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሩ ተንኳኳ።

አወቀ ነው፤ ብቻውን። በእኛ አገር ሙሽራ ለራሱ ሽማግሌ አይሆንም፣ ያሳፍራል። ብብቱ ሥር አዲስ የተሸለተ የበግ ፀጉር ጠቅልሎ ይዟል።

"እትዬ" አላት አመተሥላሴን፣ ደጁ ላይ እንደቆመ። "የኔም ቤት በር ብርድ ያስገባል። ሰርካለም ስትመጣ ያቺን ብረት ይዛ ትምጣልኝ።"